ቫይታሚን ዲ የአጥንት ጉዳይ ብቻ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ የጤና ዓምድ ቫይታሚን ዲን የአጥንት ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማቅረቡ፣ ለዓመታት ሥነ ሕይወት ላስተማርኩት ለእኔ ጎደሎ ሆኖ ታይቶኛል። ቫይታሚኑ በጉበትና በኩላሊት ተለውጦ ሥራውን ሲጀምር አሠራሩ እንደ ኮርቲዞልና ኢስትሮጅን ያሉትን የስቴሮይድ ሆርሞኖች ይመስላል፤ ሴሉ ውስጥ ገብቶ ከተቀባይ ፕሮቲን ጋር ከተጣመረ በኋላ የትኞቹ ጂኖች እንዲሠሩ፣ የትኞቹ እንዲታገዱ ያዛል። የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን ከ3 እስከ 5 ቀናት ባለው ጊዜ ራሱን ስለሚያድስ ትእዛዙ እዚያ ክብደት አለው፦ የሴሎቹን መባዛት ገታ አድርጎ ወደ ብስለት ይመራቸዋል፣ ካልሲየም የሚያሳልፉ ፕሮቲኖችንም ያስመርታቸዋል። ኮርቲዞል በበኩሉ የጽንስ አንጀት ከመወለድ በፊት እንዲበስል ይረዳል፤ ኮርቲዞልን የሚመስለውን ፕሬድኒሶሎን የተባለ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ግን አንጀቱ ካልሲየም የመምጠጥ አቅሙ ይቀንሳል።

እኔ በምኖርበት በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አንዲት ጎረቤቴ ጨቅላዋን ቅቤ ቀብታ ፀሐይ የምታሞቀው በተዘጋ መስኮት ሥር ነው፤ የጠዋቱን ብርድ ፈርታ ነውና አልፈርድባትም። ይሁን እንጂ ቆዳ ቫይታሚን ዲ የሚሠራበትን ጨረር መስታወቱ ስለሚያስቀረው፣ ዓምዳችሁ በሚቀጥለው እትም ይህንንም እንዲያነሳ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከኮዬ ፈጬ፣ አንባቢያችሁ