እንቁጣጣሽን ሐይቅ ለምትውሉ፦ ገመድና ባዶ ጀሪካን ያዙ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በዓል በቀረበ ቁጥር ሐይቅ ከተማ አጠገብ ስላለው ሎጎ ሐይቅ ውበት ይጻፋል። ውሃው ሰው እንዴት እንደሚወስድ ግን የሚጽፍ የለም። ከደሴና ከኮምቦልቻ ቤተሰቡን ይዞ የሚወርደው ሰው ዳቦውን፣ ቡናውንና ምንጣፉን አይረሳም፤ የሚረሳው ገመድ ነው።

አዲሱ ዓመት ቢገባም ክረምቱ በእኛ ቀመር እስከ መስከረም 25 ነው። ሐይቁ ዛሬ የሚወጣ ወንዝ ስለሌለው ከየተራራው የወረደውን ጎርፍ ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ በግንቦት የታወቀው ዳርቻ በመስከረም ያው አይደለም፦ ምንጣፍ የተነጠፈበት ሣር ውሃ ገብቶበታል፣ ወገብ ድረስ የነበረው ደረት ሊያልፍ ይችላል፣ ድፍርሱም ወለሉን ይሸፍነዋል። መካከሉ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። የሚገባ ሰው ቁመቱን የሚያህል ዱላ ይዞ ከፊቱ እየለካ ይራመድ፤ ዱላው ጭቃ ውስጥ ከሰመጠ ወይም መሬት ካጣ እዚያው ይቁም። ቄጠማና ደንገል ያለበት ቦታ እግር ይጠልፋል።

የሚሰምጥ ሰው ይጮኻል ብሎ መጠበቅ ትልቁ ስህተት ነው። አፉ ከውሃው በላይ የሚቆየው ለትንፋሽ እንኳ በማይበቃ ጊዜ ነው፤ እጁም ውሃውን ወደ ታች ስለሚጫን አያውለበልብም። ዝም ብሎ ቀጥ እንዳለ፣ አንዳንዴ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጠፋል። እናም ልጆች ውሃ ውስጥ እስካሉ ድረስ አንድ አዋቂ ሥራው ማየት ብቻ ይሁን፦ ስልክ የማይነካ፣ መጠጥ ያልቀመሰ፣ በየግማሽ ሰዓቱ የሚቀየር። «ሁላችንም እያየን ነው» ማለት ማንም አያይም ማለት ነው።

ገመዱ እንዲህ ይዘጋጅ። ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን፣ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ። እጀታው ላይ 15 ሜትር የፕላስቲክ ገመድ እሰሩ፤ የቃጫ ገመድ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል። ውስጡ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ጨምሩበት፣ ባዶውን ከሆነ ነፋስ ይመልሰዋል። የገመዱን ጫፍ በእግር ረግጣችሁ ጀሪካኑን ከሰውዬው ራስ አሳልፋችሁ ወርውሩ፣ ከዚያ ወደሱ ሳቡት። አንድ ጀሪካን የሁለት ሰው ራስ ከውሃ በላይ ማቆየት ይችላል። ዋና የማያውቅ ተከትሎ እንዳይገባ፤ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ሊያወጣ የገባው ነው።

የወጣውን ሰው ዘቅዝቆ ማንጠልጠልና ሆዱን መጫን የቆየ ልማድ ነው፤ ጉዳቱ ግን ትውከቱ ወደ ሳንባ መግባቱ ነው። የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኝታችሁ አፍንጫውን ይዛችሁ 5 ጊዜ ትንፋሽ ስጡ፤ ከዚያ ደረቱን መሐል ላይ 30 ጊዜ ተጫኑ፣ 2 ጊዜ ትንፋሽ ስጡ፣ እየደጋገማችሁ። ለአዋቂ ግፊቱ 5 ሴንቲ ሜትር ይግባ፣ ፍጥነቱም በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ይሁን። ቢነቃም ሐኪም ቤት ይሂድ፤ ሳንባው ከሰዓታት በኋላ ሊከፋ ይችላል።

ሌላው ቢልሃርዚያ የተባለው የትል በሽታ ነው። በሐይቅ ከተማ ተማሪዎች ላይ በምርመራ ተገኝቷል። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ይገባል፤ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ሲበረታ፣ ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን፣ ቀንድ አውጣውም የሚኖረው ልጆች በሚንቦጫረቁበት ቄጠማ ባለው ጥልቅ ያልሆነ ዳርቻ ነው። እንደወጡ በፎጣ ጠንከር አድርጎ ማሸት ይረዳል እንጂ ዋስትና አይሆንም። ውሃው የነካው ሰው በማግስቱ ቢመረመር ምንም አይታይም፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ሰገራውን ያስመርምር። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል በኪሎ ተሰልቶ የሚሰጥ ስለሆነ ከጎረቤት ተካፍሎ አይዋጥም።

ነጎድጓድ ሲሰማ ከውሃም ከዛፍ ሥርም ወጥታችሁ መኪና ውስጥ ግቡ፣ የመጨረሻው ድምፅ ካለፈ 30 ደቂቃ ቆዩ። ዓሣ ስትመርጡ ስንጥቡ ቀይ፣ ዓይኑ ጥርት ያለ ይሁን። (በቡሄ የሚወርዱ በፍልሰታ ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ከቤት ጨርሰው ይምጡ፤ ምጣዱ ፊት አያልቅም።) ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶች እንደማይገቡም አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ዳርቻው ላይ ምግብ ለሚሸጡና ጀልባ ለሚያከራዩ አንድ ጥያቄ አለን። የሕይወት አድን ጃኬቱ ማሰሪያው ተበጥሶ በትከሻ ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ ውሃ ውስጥ በራስ በኩል ይወልቃል፤ ከበዓሉ በፊት ይጠገን። ጀሪካንና ገመዱም ደንበኛ እስኪያመጣ አትጠብቁ፣ በየዳሱ ምሰሶ ላይ ልጅ በማይደርስበት፣ አዋቂ ግን በአንድ እጅ በሚያወርደው ከፍታ ይሰቀል።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ