ሐኪሟ ስትደውልልሽ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? የአዳማ ሙቀት እንዴት አደረገሽ? ጉልበትሽስ? እኛ ሐዋሳ ሁላችንም ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

በስልክ ያነሳሁልሽን ነገር በደብዳቤ ያመጣሁት «ልጄ ምንም የላትም» ብለሽ ስላለቀስሽ ነው። እማዬ፣ እብደት አይደለም፤ ያንቺ አስተዳደግ ያመጣውም አይደለም። ኤዲኤችዲ ይሉታል፤ ትኩረትን መቆጣጠርና ረግቶ መቀመጥ የሚያስቸግር፣ ከልጅነት የሚጀምር፣ በዘር የመተላለፍ ዕድሉ ሰፊ የሆነ ነገር ነው።

በደም ምርመራ ወይም በራስ ቅል ፎቶ አይለይም። ይህ ነገር እንዳለብኝ የምትመረምረኝ ሐኪም የምትጠይቀው ስለ ኑሮዬ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው መመሪያ 18 ምልክቶችን ዘጠኝ ዘጠኝ አድርጎ ይከፍላል፤ አንዱ ወገን ትኩረት ማጣት፣ ሌላው መቅበጥበጥና ችኮላ። በኔ ዕድሜ ከአንዱ ወገን ቢያንስ 5 ምልክት፣ ያውም ስድስት ወር የዘለቀ፣ መኖር አለበት። ቆጠራው ግን ብቻውን አይበቃም። ዕቃ የማይጠፋበት ማን አለ? ምልክቱ ቤትም ሥራ ቦታም ኑሮን ሲያውክ መታየት አለበት። እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀትና የእንቅርት እጢ መታወክም ስለሚመሳሰሉ እነሱንም እያጣራች ነው።

ያሁኑን ነግሬያታለሁ። ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦ ሳልከፍል ቀርቼ መብራት መቆረጡን፤ ሽንኩርት ጥጄ ልብስ ላነሳ ወጥቼ በዚያው ስቀር፣ ጎረቤት ጭሱን አይታ በሩን መደብደቧን፤ መሥሪያ ቤትም ለሪፖርት መዘግየት የተጻፈልኝን ማስጠንቀቂያ።

የቀረው የልጅነቴ ነው። ከምልክቶቹ የተወሰኑት ከ12 ዓመት በፊት መታየት አለባቸው፤ ያንን የሚያውቅ ካንቺ በቀር የለም። ሐኪሟ የትምህርት ቤት ካርዴን አይታ «ደረጃ ትወጪ ነበር እኮ» አለችኝ። ያ ደረጃ እንዴት እንደመጣ ንገሪያት። ማታ ማታ አጠገቤ ተቀምጠሽ ጥጥ እየፈተልሽ፣ ዓይኔ ከደብተሩ በተነሳ ቁጥር በእንዝርቱ ጫፍ መስመሩን ታሳዪኝ ነበር። ሱቅ ስትልኪኝ «ስኳር፣ ሳሙና፣ ክብሪት» እያልሽ ታስደግሚኛለሽ፤ ባዶ እጄን ስመለስ ነጠላሽን ደርበሽ ራስሽ ትሄጃለሽ። ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ ያሰርሽው አንቺ ነሽ። ችግሩ ያኔም ነበር፤ ተሸክመሽልኝ ስለነበር ነው ያልታየው። ደግሞ ቁጭ ብላ በሐሳብ የምትሄድ ሴት ልጅ ክፍል ስለማትረብሽ አስተማሪም ልብ አይላትም።

«ጥልፍ ስትይዢ ቀኑን ሙሉ ቀና አትይም ነበር» ያልሽኝንም አትተዪው። ደስ ባለኝ ነገር ላይ ሰምጬ እቀራለሁ፤ የሚያስቸግረኝ ትኩረቴን በሚያስፈልገኝ ሰዓት ወደሚያስፈልገው ሥራ ማዞር ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ትደውልልሻለች። እባክሽ እማዬ፣ «ጎበዝ ነበረች» ብለሽ እንዳትሸፍኚልኝ። ካንቺ እርዳታ ውጪ ስሆን ምን ይገጥመኝ እንደነበር፣ ያየሽውን ሁሉ ንገሪያት። ስልኩ በደንብ ካልተሰማሽ እህቴ አጠገብሽ ትሁን። ትዝ ያለሽን ከወዲሁ ለእሷ እየነገርሽ ብታስጽፊያት ደግሞ ይበልጥ ይረዳኛል።

የጉልበትሽን ቅባት ቅዳሜ በሰው እልክልሻለሁ።

ልጅሽ