ነባር ቤቶቻችን ስለሚያባክኑት ሙቀት

ይድረስ ለጋዜጣው ክቡር አዘጋጅ፤

በደብረ ማርቆስ ስለ ቤት ሲነሣ የሚወራው ስለ ቦታ ምሪትና ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ነው። ብዙው ሰው ግን የሚያድረው ከዓመታት በፊት በባሕር ዛፍ ተማግሮ፣ በጭቃ ተመርጎ፣ ቆርቆሮ በለበሰ ቤት ውስጥ ስለሆነ፣ ስለ እነዚህ ነባር ቤቶች ጥቂት እንድጽፍ ይፈቀድልኝ።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርዷ ከባድ ነው። ቆርቆሮ ሰማይ በጠራበት ሌሊት ሙቀቱን ወደ ላይ ስለሚለቅ ከውጩ አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ የቤተ ሰቡ ትንፋሽና የድስቱ እንፋሎትም ከሥሩ ውሃ ሆኖ ሲንጠባጠብ ያድራል። የአያቶቻችን የሣር ክዳን በዚህ ይሻል ነበር። እኛ ጉድለቱን የምንሸፍነው በከሰል ነው።

ባለፈው ዓመት የእናቴን ቤት ሳድስ አስቀድሜ የደፈንሁት የበሩን ሥርና ግድግዳው ከጣሪያው የሚገናኝበትን ክፍተት ነበር። ከሰሉ ግን እዚያው ቤት ውስጥ መንደዱን ስላልተወ፣ በሁለተኛው ምሽት እናቴን ራሷን አዞራት፤ በሩን ከፍተን ባናወጣት ኖሮ ምን ይደርስ እንደነበር ሳስበው ዛሬም እደነግጣለሁ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው መርዝ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እሳቱ ከመኝታ ክፍል ይውጣ፣ ጭስ ማውጫና የአየር መተላለፊያ ይበጅ፤ ከዚያ ኮርኒሱ፣ ቀጥሎ ስንጥቁ። ቤት በቁርጥራጭ አይታደስም የምለው ለዚህ ነው።

ይህን የመሰለው ሙሉ እድሳት በሀብታም አገርም አዝጋሚ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. እስከ 2030 ድረስ 35 ሚሊዮን ሕንፃዎች እንዲታደሱ ሲያቅድ፣ በዓመት ኃይል ለመቆጠብ የሚታደሰው ከመቶ 1 ገደማ፣ በጥልቀት የሚታደሰው ደግሞ ከመቶ 0.2 ብቻ ነበር። ኔዘርላንዶች ሥራውን ለማፋጠን የጀመሩት ባለቤታቸው አንድ ከሆነ፣ ተመሳሳይ አሠራር ካላቸው የኪራይ ቤቶች ነው፤ ለቤቶቹ የሚሆን ጣሪያና የግድግዳ ልባስ በፋብሪካ አዘጋጁ።

እኛም ለዚህ የሚመች ነገር አለን። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት ወገን የሆኑት የቀበሌ ቤቶች ባለቤታቸው መንግሥት ነው፤ ብዙዎቹም ጎን ለጎን የተደረደሩ ናቸው። ተከራዩ የራሱ ስላልሆነ ገንዘቡን አያፈስበትም፣ አከራዩም የሚበርደው እርሱን ስላልሆነ አይጣደፍም፤ በዚህ መካከል ቤቱ ይዘምማል። አንድ ሠፈር ተመርጦ፣ በማኅበር የተደራጁ አናጢዎችና ግንበኞች በተርታ ቢያድሱት፣ ከዚያም ከእድሳቱ በፊትና በኋላ በየቤቱ የሚነደው ከሰል ቢመዘን፣ ለሌሎቹ ሠፈሮች ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያስፈልግ መናገር ይቻል ነበር።

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። መብራቱ በደንብ ቢዳረስና በከሰል ፈንታ በኤሌክትሪክ ብንሞቅ እንኳ፣ ኮርኒስ በሌለው ቤት ያ ሙቀት በቆርቆሮው በኩል ይወጣል። የከተማው አስተዳደር የሙከራውን ሠፈር መርጦ ሥራውን ከመጪው ኅዳር በፊት እንዲያስጀምር በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከደብረ ማርቆስ ነዋሪ