የዚህ ሳምንት የግጥም ልውውጥና የእሑድ ንባብ

ሰላም የቡድናችን አባላት፣

እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ባለው የጣና ዳርቻ ተገናኝተን ግጥሞቻችንን እናነባለን። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ድምፅ ስለሚወስድ ጠዋቱን መርጠናል።

እያንዳንዳችሁ አንድ ግጥም፣ ከ16 ስንኝ ያልበለጠ፣ እስከ ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት እዚሁ ቴሌግራም ላይ ላኩ። በፎቶ አትላኩት፤ ስንኙን ቀድቶ አስተያየት መስጠት ያስቸግራል።

ከመላካችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡና ምጣኔውን ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው ፊደል ስለምንቆጥር ነው፤ የሚቆጠረው የሚሰማው ቀለም፣ ማለትም ሲነበብ ባንዴ የሚወጣው የድምፅ ክፍል ነው። ይህን የወል ቤት (እያንዳንዱ ስንኝ ባለ 6 ቀለም ሁለት ሐረግ ያለው) እዩ፦

ታንኳው ሄደ ብዬ / ዳር ላይ ብጠብቀው፣
ነፋሱ መለሰው / ልቤም አላወቀው።

«ዳር ላይ ብጠብቀው» 9 ፊደል ነው፤ ሲነበብ ግን 6 ቀለም ብቻ ነው፣ ልክ እንደ ሌሎቹ ሐረጎች። «ዳር ላይ ስጠብቀው ነበር» ቢባል 8 ይሆንና ዜማው ይሰበራል። ቤት መምቻውም «ቀው» ከ«ቀው» ጋር ነው። «ሰ» እና «ሠ» ቤት ይመታሉ፤ ዳኛው ጆሮ ነውና።

እስከ ቅዳሜ ማታ ቢያንስ በሁለት ግጥም ላይ አስተያየት ስጡ። «ግሩም ነው» ብቻ ገጣሚውን አይረዳውም። አንድ ስንኝ ጥቀሱ፣ የላላውን ቃል አሳዩ፣ ምክንያቱን ጻፉ። ቅኔ ከሆነ ሰሙን (ላይ ላዩን ትርጉም) ተናገሩ፤ ወርቁን (የተደበቀውን) ግን ለእሑድ አቆዩልን፣ ሌላውም ይፈልገው።

የግጥማችሁን 2 ቅጂ፣ እርሳስና መቀመጫ ምንጣፍ ያዙ። የምትመጡ እስከ ረቡዕ ማታ «እመጣለሁ» ብላችሁ መልሱልን።