ሴኔጋላዊው መራጭ ከመጋረጃው ጀርባ ብቻውን ነው

ይድረስ ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፤

ባለፈው ሳምንት በውጭ ዜና ገጻችሁ፣ በሴኔጋል ሥልጣን የሚሰጡትም የሚነጥቁትም ሼኮቹ እንደሆኑ የሚገልጽ ሐተታ አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ለአፍሪካ ኅብረት ቅርብ ስለሆነ ሴኔጋላውያን ደንበኞች አሉኝ። ሐተታውን ጮክ ብዬ ሳነብ አብሮኝ የሚሰፋው ሙስሊም ባልደረባዬ መኪናውን አቁሞ፣ «ምነው እኛን ሁልጊዜ እንደሚነዳ መንጋ ይቆጥሩናል?» አለኝ።

የሼኮቹን ክብር አልክድም። አንዱ ደንበኛዬ የኪስ ቦርሳውን በከፈተ ቁጥር አንድ ፎቶግራፍ አያለሁ፤ ነጭ የለበሱ፣ ሻሽ ከአፍንጫቸው በታች የሸፈናቸው ሰው ናቸው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1895 ወደ ጋቦን ያጋዟቸው የሙሪድ ጠሪቃ፣ ማለትም የሱፊ ሙስሊሞች መንፈሳዊ ማኅበር፣ መሥራች፣ ሼክ አህመዱ ባምባ። ደንበኛዬ ፎቶውን የሚይዘው እንደ አባቱ ፎቶ ነው። በ1988 የጠሪቃው መሪ ተከታዮቻቸው ፕሬዚዳንቱን አብዱ ዲዩፍን እንዲመርጡ አዘው ነበር፤ አብዱላይ ዋድም በ2000 ፕሬዚዳንት ሆነው እንደተመረጡ መሪውን ሊያመሰግኑ የጠሪቃው ቅዱስ ከተማ ቱባ ድረስ ሄደዋል። እዚህ ድረስ ከጸሐፊያችሁ ጋር እስማማለሁ።

ነገር ግን ያ ሕዝብ፣ ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ ሙስሊም ሆኖ ሳለ፣ ካቶሊኩን ሴንጎርን ሃያ ዓመት ፕሬዚዳንት አድርጎ አኑሯል። እርሳቸውም በ1980 ማብቂያ በፈቃዳቸው ወርደዋል። የሙሪድ ደቀ መዝሙርነታቸውን በአደባባይ የሚናገሩት ዋድ ደግሞ በ2012 ለሦስተኛ የሥልጣን ዘመን ሲወዳደሩ በማኪ ሳል ተሸነፉ፤ ስልክ ደውለውም እንኳን ደስ ያለዎት አሉ። ሐተታችሁ ይህን ለምን ዘለለው?

ይኸው ደንበኛዬ አንድ ቀን ልኩን ስወስድ የምርጫቸውን ነገር ጠየቅሁት። ከጠረጴዛዬ ቁርጥራጭ ጨርቅ አንሥቶ ደረደረ፦ ለእያንዳንዱ ዕጩ የየራሱ ወረቀት አለው። መራጩ ወረቀቶቹን ይዞ ከመጋረጃው ጀርባ ይገባል፣ አንዱን ብቻ ፖስታ ውስጥ ያስገባል፣ የቀሩትን ይጥላል። ሰማያዊዋን ቁራጭ በመዳፉ ሸፈናት፤ የትኛውን እንደያዘ ሼኩም ሚስቱም አያዩም አለኝ። በ2024 ባሲሩ ዲዮማይ ፋይ ከእስር ቤት ከወጡ ከዐሥር ቀን በኋላ በመጀመሪያው ዙር ያሸነፉት በዚያው መጋረጃ ጀርባ ነው።

በሚቀጥለው እትም የ2012ን ምርጫ ጨምራችሁ ማስተካከያ ብታወጡ፣ ለባልደረባዬ እኔው አነብለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ልብስ ሰፊው፣ ከሜክሲኮ አደባባይ