ሊብሬው ላይ የሌለ ስም

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ዝናቡ ሲበረታ ጉልበቴ ያመኛል፤ እሱን ታውቂዋለሽ።

በቴሌግራም የላክሽውን ድምፅ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። «እማዬ፣ ዲኤክስ ኮሮላዋን እንሽጣትና ለኤሌክትሪክ መኪና ቀብድ እናድርገው» ትያለሽ። ስትደውዪ እሺም እምቢም ሳልል የዘጋሁት ተቀይሜ አይደለም። ልነግርሽ ያሰብኩት ረዘመብኝ። በስልክ ደግሞ ታቋርጪኛለሽ።

በቤታችን የመጀመሪያዋ መኪና የአያትሽ ሴይቼንቶ፣ ያቺ ትንሿ ፊያት ነበረች። በ1955 ነው የገዛት። ከዚያ በፊት በቅሎ ነበረው፤ እናቴ እስክትሞት ድረስ በቅሎዋ ትሻል ነበር ትል ነበር። በዓመቱ፣ 1956 ሰኔ ላይ፣ መኪና በግራ መሄዱ ቀርቶ በቀኝ ሲሆን አባቴ ሳምንት ሙሉ መኪናዋን ከግቢ አላወጣም። «መጀመሪያ ሌሎቹ ይለማመዱ» አለ።

አዲስ አበባ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ያኔ ሌሊት ተነስተን፣ እኛ አራት ልጆች ከኋላ ተደራርበን፣ አንድ የጅማ በርጩማ ለዘመድ ስጦታ ፖርቶመጋላው ላይ ታስሮ እንሄድ ነበር። ጉዱ ጊቤ ላይ ነው። ቁልቁለቱን እንደምንም ወርደን ድልድዩን እንሻገራለን። ዳገቱ ሲጀምር ሴይቼንቶዋ ትፈላለች። ሞተሯም ራዲያተሯም ከኋላ ስለሆነ አባቴ የኋላ ክዳኗን ከፍቶ በእንጨት ይደግፈዋል፤ ነፋስ ይግባላት ብሎ እንደዚያው አፏን ከፍታ ትነዳለች። ሲብስ ይቆማል። እናቴ ጥላዋን ዘርግታ ትወርዳለች። አባቴ ከወንዙ የቀዳውን ውሃ ይዞ፣ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ክዳኑን ቀስ እያለ ያዞረዋል። «ራቁ! ራቁ!» ይለናል። ፉጨቱ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ውሃውን በጣሳ ጠብ ጠብ ሲያደርግላት ሕፃን የሚያጠባ ይመስል ነበር።

መኪናዋን ሲገዛ የጎደለው ገንዘብ የተሞላው የእናቴ የአንገት ወርቅ ተሽጦ መሆኑን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። የነገረችኝ ቡና እየቆላች ነው፣ እንደ ቀልድ። አባቴ ደግሞ በ1967 ትርፍ ቤቱ ሲወረስበት ሴይቼንቶዋንም ሸጣት። ወርቁን ማንም አልጠየቀላትም።

ሁለተኛዋ መኪና፣ ቮልሷ ላይ ብዙ ነገር የለኝም። አባትሽ መልኮ ቡና ምርምር ሲሠራ በራሱ ደመወዝ፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ገዛት። ሞተሯ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ጊቤ ላይ ጣሳ አያስፈልጋትም። ቤንዚን በኩፖን ስለነበር ግን ከመንገዱ ይልቅ ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ የቆመችው ይበልጣል። አንቺ መሪዋን ይዘሽ በአፍሽ «ቩቩቩ» ስትዪ የተነሳሽው ፎቶ አለኝ።

ዲኤክሷ ግን ሌላ ናት።

በ1986 ክረምት ብራዚል ቡናዋን ውርጭ መታው። እኔ ያኔ ከአጋሮ ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ እሰበስባለሁ። ዋጋው ወደ ላይ ሲተኮስ መጋዘን ውስጥ ያልሸጥኩት ቡና ነበረኝ። የሰው አገር ውርጭ እኛን ባለ መኪና አደረገን፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ ደስ ብሎኛል። በ1987 ያገለገለች ዲኤክስ ኮሮላ ገዛን። ብሩን የቆጠርኩት እኔ ነኝ፣ አልጋ ላይ፣ በር ዘግቼ።

ውሉን የተዋዋለው አባትሽ ነው። ማታ ከመጋዘን ስገባ ሊብሬው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ገለጥኩት። የእሱ ስም ብቻ። ቀና ብዬ ሳየው «አንቺ መንጃ ፈቃድ የለሽማ» አለኝ። ተንኮል አልነበረበትም፤ አባትሽን ታውቂዋለሽ። ለሊብሬ መንጃ ፈቃድ እንደማይጠየቅ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ለማንኛውም በ37 ዓመቴ መንዳት ተማርኩ። አጎትሽ ነው ያስተማረኝ። ሜዳውን ቶሎ ለመድኩ፤ መከራዬን ያየሁት የጅሬን ዳገት ላይ ነው። መሀሉ ላይ አስቁሞኝ «ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ፣ ነዳጅ ስጪያት» ይለኛል። እለቃለሁ፤ ትጠፋለች። እንደገና። ወደ ኋላ ስትንሸራተት እንጨት የጫኑ አህዮች ከኋላዬ። አንድ ሸንኮራ የሚሸጥ ልጅ ሮጦ ድንጋይ ከጎማው ሥር ወተፈልኝና አንድ ብር ተቀበለኝ። ከዚያ ወዲህ ዲኤክሷን ከሩቅ ሲያይ ድንጋዩን ታቅፎ ይጠብቀኛል። ያለ ድንጋይ የወጣሁ ቀን ክላክስ አደረግኩለት። ፊቱን ጣለ። ገቢው ቆመበት።

የመኪና ነገር ሲነሳ ምን ይገርመኛል መሰለሽ? መኪናዋ ጃፓን፣ ቋንቋዋ ጣሊያን። ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ስፖኪዮ፣ ፍሪሲዮን... ጋራዥ ስሄድ ሴት ናት ብለው ሊያሞኙኝ ሲሉ እነዚህን ስደረድርላቸው ዋጋው ይወርድ ነበር።

አሁን ወዳልሽው ልምጣ። ትሸጥ። እኔም ዓይኔ ደክሟል፤ ከቤተ ክርስቲያን አልፌ አልነዳትም። የኤሌክትሪኩንም አልጠላሁትም። እንዲያውም ከደነባ አጠገብ ያለው ግድብ የሚያመነጨው ወደ ጊቤ ከሚገባው ከትንሹ ጊቤ፣ ከግልገል ጊቤ ውሃ ነው። አያትሽ ለሴይቼንቶ ጊቤን በጣሳ ያጠጣ ነበር፤ ያንቺ በሽቦ ትጠጣለች። መብራት ሲጠፋ ምን እንደምታደርጊ ብቻ አስቢበት። እዚህ መብራት የሚጠፋው ቀጠሮ ይዞ አይደለም።

ግን አንድ ነገር አለኝ። አባትሽ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው፣ ሊብሬው እስካሁን በእሱ ስም ነው። ደላላ አነጋግሬ ነበር። የጠራልኝ ዋጋ ያኔ ከከፈልነው ጋር ሲተያይ ያስቃል። «እማማ፣ የወራሽነቱን ወረቀት ከፍርድ ቤት ያውጡ እንጂ ቀጥታ ለገዢው እናዞረዋለን፤ በእርስዎ ስም ማድረጉ ለምን ይጠቅማል? ድካም ነው» አለኝ።

ይድከመኝ። መጀመሪያ በእኔ ስም ትዙር። ሁለት ሳምንት ትቁም፣ ከዚያ ትሸጥ። ለውርሱ ያንቺም የወንድምሽም ፊርማ ያስፈልጋል፤ እሱን አናግሬዋለሁ፣ እሺ ብሏል። የሚመጣውን ሳምንት ፈቃድ ጠይቂና ነይ። ያንቺን መኪና ስትገዢም ውሉ ላይ ማን እንደሚፈርም ዛሬ አልናገርም፤ ባልሽ ጥሩ ሰው ነው።

መናኸሪያ መጥቼ እወስድሻለሁ። በአንቺ በኩል ያለው በር ከውጭ አይከፈትም። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ እጠብቅሻለሁ፤ እጅሽን አስገብተሽ ክፈቺው።

እናትሽ