ረግረጉን ላላደረቀውም ይከፈል
ለባለመሬቶች የሚሰጠውን የተፈጥሮ ጥበቃ ክፍያ መመሪያ ለምታዘጋጁ ኃላፊዎች

ክቡራን፣

የተጎዳ መሬቱን መልሶ ለሚያለማ ባለመሬት ገንዘብ ሊከፈለው መታሰቡ ደስ ብሎኛል። የምሬን ነው። እስከዛሬ ከመንግሥት ቢሮ የምንሰማው «እንዳትነካ» የሚለውን ብቻ ነበር። ግን «መልሶ የሚያለማ» የሚለው ቃል ከነከነኝ።

እኔና ጎረቤቴ መሬታችን ከአንድ ኮረብታ ሥር ነው። በሁለታችንም በኩል ረግረግ ነበር። እሱ ቦይ ቆፍሮ አደረቀውና አረሰው። ዓመታት አመረተበት፤ አልፈርድበትም። እኔ ተውኩት። ሰነፍ ተብያለሁ። አሁን በዚህ አካሄድ ቦዩን ለሚደፍነው ይከፈላል፣ ላልቆፈረው ምንም የለም። ጥቅሜ የለበትም አልልም፤ አለበት። ነገር ግን ይህን የሰማ ብልጥ ሰው መመሪያው ሳይጸድቅ ዛፉን ጨፍጭፎ፣ በኋላ ችግኝ ታቅፎ ሊሰለፍ እንደሚችል አስቡት።

ረግረግ ምን እንደሚሠራ ማየት የፈለገ ከባድ ዝናብ እንዳባራ ይምጣ። ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ቡና መስሎ ይገባል። ሣሩ መሐል ሲደርስ ጉልበቱ ያልቃል፤ የተሸከመውን አፈር እዚያው ያራግፋል። ጭቃው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ደግሞ ከማሳ ታጥቦ የመጣውን ናይትሬት (ውሃ የሚበክል የማዳበሪያ ቅሪት) ወደ ጋዝ ይለውጡታል። በታችኛው ጫፍ የሚወጣው ውሃ ቀስ ያለ ነው፣ የጠራም ነው። በቦዩ በኩል ግን ጎርፉ እንደገባ ይወጣል። ሁለቱም ውሃ ታች ላለው ከተማ ይደርሳል። ከተማው ለጠራው ከፍሎ አያውቅም፤ ለደፈረሰው ግን በማጣሪያ ወጪ ይከፍላል።

ኒውዮርክ ይህን ሒሳብ ሠርታዋለች። ከ6 እስከ 8 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል የተባለ ማጣሪያ ከመገንባት፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በተደረሰ ስምምነት ገንዘቧን ውሃው ወደሚመነጭባቸው የካትስኪልና የዴላዌር ተፋሰሶች ላከች። ከፈቃደኛ ባለመሬቶች መሬት ገዛች። ገበሬዎች ከብቶቻቸውን ከወንዝ እንዲያርቁ የአጥሩን ወጪ ሸፈነች።

ኮስታሪካም አለች። ከእ.ኤ.አ. 1996ቱ የደን ሕግ በኋላ የጀመረችው ክፍያ በአብዛኛው ከነዳጅ ግብር የሚገኝ ሲሆን፣ ለሚተክል ብቻ ሳይሆን የቆመ ደኑን ለሚጠብቅም ይሰጣል። «ማንም ሊቆርጠው ላልነበረ ደን ለምን ይከፈላል?» የሚል ወቀሳ መጥቶባት ነበር። ተገቢ ወቀሳ ነው። ያው ሕግ ደንን ወደ እርሻ መለወጥ ስለከለከለም፣ ደኗ ያገገመው በክፍያው ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ስለዚህ ለሁሉም እኩል ክፈሉ አልልም። የምንጭ ራስ፣ የወንዝ ዳርና ዳገታማ ቦታ ይቅደም። ከመንገድ ርቆ ማንም የማይደርስበት ጫካ ይቆይ።

የጊዜውም ነገር አለ። ቻይና ከእ.ኤ.አ. 1998ቱ ጎርፍ በኋላ ዳገት የሚያርሱ ገበሬዎች መሬቱን ለዛፍ እንዲለቁ እህልና ገንዘብ ሰጥታለች። ለጥበቃ ደን (ለፍሬ ሳይሆን አፈርና ውሃ እንዲጠብቅ ለሚተከል) ውሉ 8 ዓመት ነበር፣ በኋላም ተራዘመ። ሁለት ዓመት ተከፍሎት ሦስተኛው ላይ «በጀት የለም» የተባለ ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። መጥረቢያውን ያነሳል።

እኔ ቦይ ለመቆፈር አንድ ሳምንት ይበቃኛል። ጎረቤቴ ረግረጉን ልመልስ ቢል ግን ቦዩን መድፈኑ ገና ጅማሬው ነው፤ ሣሩም እንቁራሪቱም ተመልሶ እስኪገባ ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። በመመሪያው ላይ «መልሶ ለሚያለማ» ከሚለው ቀጥሎ «ወይም ጠብቆ ላቆየ» የሚሉ ሦስት ቃላት ይግቡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ባለመሬት